ለዳኛ ልጄ ሙት ዓመት የመጣው በሬ

ትርንጎዬ፣ የእናትሽ ዓይን፣

እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ መልሱን የምሰማበት ቀን ገና አልደረሰም። ስለዚህ ደኅና ነሽ ብዬ ልጀምር። ከተለየሽኝ ይኸው ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትሽን ባለፈው እሑድ አሰብን። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የዕድሩ ድስትና ሰሀን ተመልሶ፣ ቤቱ ጸጥ ሲልልኝ ወረቀት ፈልጌ ቁጭ አልኩ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ታውቂኛለሽ፤ እኔ አንድ መስመር እስክጨርስ አንቺ አንድ መዝገብ ታነቢ ነበር።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። በበራችን ፊት ያለው መንገድ አስፋልት ሊሆን ነው ብለው ቆፈሩት። ቆፋሪዎቹ ግን ከቆፈሩ በኋላ ጠፉ። አሁን ሰበታ ውስጥ ከቤት መውጣት ማለት እንደ ፍየል ቦይ መዝለል ነው። ዘይቱኑ ዘንድሮ አፈራ። አያፈራም፣ ይቆረጥ እያልኩ ስጨቀጭቅሽ “ማስረጃ እስኪሟላ ይቆይ” ትይኝ የነበረው ዛፍ ነው። ጥቁሩ ካባሽም እንዳለ አለ። አንድ ቀን ብል እንዳይበላው ብዬ ፀሐይ ላይ ባሰጣው፣ ኳስ ሲጫወቱ የነበሩት የሰፈር ልጆች አይተው ጸጥ አሉ። አንደኛው ቆቡን አወለቀ። ነፋስ ሲመጣበት ካባው እጁን አነሣና ልጆቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ሮጡ። እኔም ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ በሬው ነው። እዚያ ያሉት የሰበታ ሰዎች ብዙ ናቸው። ወሬውን ጨምረውና ቀምመው ሳይነግሩሽ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። በሬውን በደንብ ለመንገር ደግሞ ከአንቺ አመል መነሣት አለብኝ።

አመልሽ የጀመረው ጥርስሽ ሳይነቀል ነው። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ ከፋብሪካ ደክሞት ሲመጣ እኔና እሱ በሬዲዮ እንጣላ ነበር፤ እሱ ዜና፣ እኔ መዝሙር። አንቺ በመሃላችን በርጩማ ላይ ትቀመጪና “መጀመሪያ አባባ ይናገር። እማዬ፣ አታቋርጪ” ትያለሽ። ሁለታችንንም ሰምተሽ ስታበቂ ሬዲዮውን ታጠፊዋለሽ። አባትሽም “ይቺ ልጅ ወይ ዳኛ ትሆናለች፣ ወይ ባል አታገኝም” ይል ነበር። የተናገረው አንዱም መሬት አልወደቀም። ስለ ባል በጠየቅኩሽ ቁጥር “ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል” ትይኝ ነበር። ስንት ሸጋ ልጅ በቀጠሮ አረጀ።

ሕግ ተምረሽ ጨረስሽ። መጀመሪያ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ቀጥሎ ረዳት ዳኛ፣ በመጨረሻ የፌዴራል ዳኛ ሆነሽ ተሾምሽ። የማልሽ ዕለት በቴሌቪዥን ይታያል ስለተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ታጨቀ። ብዙ ሰው በአንድ ላይ ቆሞ እጁን አንሥቷል። እታገኝ “ያቻት! ያቻት!” ብላ እልልታውን አቀለጠችው። ግድግዳ የምንጋራት እታገኝ እልልታ ሲገኝ ማጣራት አትወድም። ቀርበን ስናይ የጠቆመችው ሰውዬ ጢም ነበረው። አንቺን ሳናገኝሽ ዜናው አለቀ። እኛ ግን እልል ያልነውን አልመለስንም።

ችሎትሽን አንድ ቀን ልይ ብዬ የለመንኩሽን ታስታውሻለሽ? ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንቺ በጓዳው በር ስትገቢ “ተነሡ!” ተባለ። ሁሉም ተነሣ፤ እኔ ቁጭ አልኩ። ልጄ ገባች ብዬ የምነሣው ለምንድን ነው? አስተናባሪው መጥቶ “እማማ፣ ይነሡ እንጂ” አለኝ። “ወልጄ አጥቤ ላሳደግኳት?” አልኩት። ሰዉ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም። መነጽርሽን ዝቅ አደረግሽና “ወይዘሮ በላይነሽ፣ የሚነሡት ለእኔ አይደለም፣ ለችሎቱ ነው” አልሽኝ። ወይዘሮ በላይነሽ! እማዬ ማለት ቀረ! ተነሣሁ። ማታ ቤት ስትገቢ ሆን ብዬ ብድግ አልኩልሽ። ያኔ ነው ሆድሽን ይዘሽ የሳቅሽው።

ከዚያ የስጦታው ነገር መጣ። ባለ ወፍጮው ጎረቤታችን ካሳ አዲስ አበባ ባለ ቤት ምክንያት ክስ ነበረውና መዝገቡ አንቺ ዘንድ ወደቀ። ለበዓል ብሎ በግ አምጥቶ በራችን ላይ አሰረ። እኔ ምን አውቃለሁ? ጎረቤት ለጎረቤት በዓል ሲሆን የሚያደርገው ነው ብዬ ሣር ሰጠሁት። አንቺ ከሥራ ስትመጪ ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ በጉን ፈትተሽ፣ በዚያ በሥራ ልብስሽ እስከ ወፍጮ ቤቱ ነዳሽው። በጉ ደግሞ ወዶሽ ካሳ ጋ ስትተዪው ተከትሎሽ ተመለሰ። ሁለተኛ ወሰድሽው። በበነጋው መዝገቡንም “ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ጎረቤቴ ነው” ብለሽ ለሌላ ዳኛ እንዲሰጥ አደረግሽ። ካሳ ለብዙ ጊዜ ዱቄቴን አሻክሮ ነበር የሚፈጭልኝ።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣሽልኝ። በር ላይ እጁ ባዶ ያልሆነ ሰው ሲመጣ “ጉዳይ አለዎት ወይ?” ብዬ ሳልጠይቅ እንዳላስገባ። መጀመሪያ ሰዉ ተቀየመ። ኋላ ለመደውና “ቤቶች!” ማለት ትቶ ከአጥሩ ውጭ “ጉዳይ የለኝም!” እያለ ይገባ ጀመር። ታክሲ ውስጥም ያው ነበርሽ። የሚያውቅሽ ሰው ከፊት ሆኖ የአንቺን ሒሳብ ሲከፍል፣ ከኋላ ወንበር “ረዳት፣ የእኔን እንዳትቀበል!” ብለሽ ትጮኺያለሽ። ከአየር ጤና እስከ ሰበታ ሰው ሁሉ ዞሮ ያይሻል። እኔ አጠገብሽ ሆኜ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ እሸፋፈናለሁ።

ሕመምሽ ሲመጣ ግን ቀጠሮ አልሰጠም። በዚያ ላይ ብዙ አልጽፍም። በቀብርሽ ዕለት ግን አንድ ነገር ሆነ። ለቅሶው ላይ ሰዎች ምግብ ይዘው ሲመጡ፣ ከልማዳቸው የተነሣ፣ ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ በሩ ላይ “ጉዳይ የለኝም” እያሉ ገቡ። አንዱ ሲል ሌላውም አለ። በዚያ ለቅሶ መካከል ሳቅ አፈነኝ። ሴቶቹ ራሴን የሳትኩ መስሏቸው ውኃ ረጩብኝ።

እንግዲህ ወደ በሬው ልምጣ።

ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደጃችን ሰው ሞልቷል። ቦዩን ዘልዬ ገባሁ። ዘይቱኑ ሥር ቀይ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ ሻኛው ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ የመሰለ በሬ ታስሯል። ዙሪያውን ጎረቤት ከቦታል፤ አንዱ ዳቢቱን፣ አንዱ ሽንጡን በዓይኑ እየቆረጠ ነው። እታገኝ እየሮጠች መጣች። “እትዬ በላይነሽ፣ እንኳን ደስ አለዎ! አይ፣ ነፍስ ይማር ለማለት ነው!” አለችኝ። በአይሱዙ ጭኖ ያመጣው ሰው “የሱሉልታው ቶሎሳ ነኝ። ዳኛዋ የፈረደችብኝ ሰው ነኝ በያቸው። ለሙት ዓመቷ ነው” ብሎ በሬውን አሥሮ ሄደ። እታገኝም ጉዳይ አለህ ወይ ብላ አልጠየቀችም። “እንዴት ልጠይቀው? በሬው እያየኝ?” አለችኝ።

ልጄ፣ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ለአንቺ ሙት ዓመት ምስርና ክክ ነበር ያሰብኩት፤ አቅሜ ያው ነበር። የዳኛ እናት እንግዳዋን ምስር አበላች መባሉ አሳፍሮኝ ሌሊቱን ስገላበጥ ከርሜአለሁ። አሁን እግዜር በሬ ላከልኝ ልበል? ደግሞ በሕይወትሽ በግ ያልገባበትን ቤት፣ ዓመት ሳይሞላሽ በሬ ላስገባበት?

ዕድርተኛው በዚያው ቆሞ ክርክር ጀመረ። የዕድሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ጉታ ከዘራቸውን ተክለው “ያ ረቢ! ይህ ምን ያከራክራል? ጉቦ የሚሰጠው ሊፈረድለት የሚፈልግ ነው። ይህ ሰው ተፈርዶበታል። ተሸንፎ ጉቦ የሚሰጥ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በሬው ንጹሕ ነው” አሉ። እታገኝ “ሙት ደግሞ ጉቦ አይበላም” አለች። የንስሐ አባታችን መጡና ባረኩን፤ “ለነፍስ ይማር የመጣ ነገር አይመለስም” አሉ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ሻኛውን ነበር።

ሁሉም ሲስማማ ከአጥሩ ወዲያ የካሳ ድምፅ መጣ። ብቻውን የሚናገር መስሎ፣ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጎ ነው። “እንዲህ ነው እንጂ! በቁሟ በግ መለሰች፣ ሞታ በሬ በላች።” ቀጥሎ ራሱን በአጥሩ ላይ ብቅ አደረገና፣ አሁን የተናደደ ሳይሆን ልቡ የተነካ ሰው ሆኖ “እትዬ በላይነሽ፣ የእኔ በግ ግን ምን አጠፋ?” አለኝ።

 ይህቺ ቃል እስከ ማታ በመላ ሰበታ እንደምትዞር አውቃለሁ። አንቺ ከስምሽ ሌላ ለእኔ የተውሽልኝ የለም። ያንን ስም በአንድ ቀን በጎድን ጥብስ ለውጬ ልብላው?

ያኔ ትይኝ የነበረው ትዝ አለኝ፤ በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው ዳኛ አይሆንም። ዙሪያዬን ባይ ሁሉም ቢላዋውን በልቡ እየሳለ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ፤ ከመንገዱ ማዶ ባለሱቁ ሐጂ ሰዒድ። እሳቸው እስላም ናቸው፣ እኛ ያረድነውን አይቀምሱም። ሆዳቸው በጉዳዩ ውስጥ የለም። ሄድኩና “ሐጂ፣ ፍረዱልኝ” አልኳቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻ ሰሙኝ። ሱቅ ውስጥ ሰው ሲገባ እንኳ “ቆይ፣ ችሎት ላይ ነን” ብለው መለሱት። በኋላ ጢማቸውን እየዳበሱ “ወይዘሮ በላይነሽ፣ የሟች ስም ነገር ነው፤ አይቸኮልም። ጠዋት እነግርዎታለሁ” አሉኝ።

ጠዋት በሬው ገመዱን በጥሷል። እኛ እንደ ፍየል የምንዘለውን ቦይ እሱ እንደ ጌታ ወርዶ ወጥቶ፣ ሐጂ ከሱቃቸው ፊት የደረደሩትን ጥቅል ጎመን እየመረጠ ሲበላ ደረስኩ። ትልልቁን ነው የሚበላው። ሐጂ በሩ ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ያዩታል። “ወይዘሮ በላይነሽ፣ እስከ ሌሊት ድረስ ዳኛ ነበርኩ። አሁን ተበዳይ ሆኛለሁ። ልፍረድ ብል እንኳ በዚህ በሬ ላይ ክፉ ነው የምፈርደው። ከችሎቱ ተነሥቻለሁ” አሉኝ። አንቺ ብትሰሚ ትኮሪባቸው ነበር። ሌላው ሰው ሆዱን አይቶ ይፈርድ ነበር፤ እሳቸው ጎመናቸውን አይተው ተነሡ።

ስለዚህ ፍርዱ እኔ ላይ ወደቀ። ጥቅም የሌለው ሰው ከተባለ እኔ መጨረሻ ነኝ፤ በሬውን ከሁሉ አብልጬ የፈለግኩት እኔ ነኝና። ግን ሌላ ዳኛ የለም። አንቺ ደግሞ ያልተሰማ ሰው ላይ አይፈረድም ትይ ነበር። በሬው እዚህ አለ፤ ባለ በሬው ግን አልተሰማም። በነጋታው ነጠላዬን አገለደምኩና ወደ ሱሉልታ ተነሣሁ።

ከሰበታ አየር ጤና፣ ከዚያ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሽቅብ። ሱሉልታ ስወርድ ብርዱ አጥንቴን አገኘው። ቤቱን የምጠይቀው ሰው ስፈልግ የማየው ሁሉ የሚሮጥ ነው። አንዱን ሯጭ “ልጄ፣ የቶሎሳን ቤት ታውቃለህ?” ስለው ሰውነቴ ይቀዘቅዛል ብሎ ነው መሰል አልቆም አለኝ። በአንድ ቦታ ላይ እየሮጠ “ማዘር፣ ሁለቱ በር ጎን ለጎን ያሉበት፣ ከወፍጮው አለፍ ብሎ” አለኝና እግሩ ሳያርፍ ሄደ። የሰው አገር ወፍጮ ቤት ሳይ ካሳ ትዝ ብሎኝ ፈጠን ፈጠን አልኩ።

የዳኛዋ እናት ነኝ ብዬ ስጣራ ቶሎሳ ከበሩ ወጥቶ አጎነበሰ። “አዮ! አካም ጅርቱ? ምን ሆነው እስከዚህ? ስልክ አይበቃም ነበር?” አዮ ያለኝ እናቴ ማለቱ ነው፤ አካም ጅርቱ ደግሞ እንዴት ነዎት። ሳልቀመጥ “ጉዳይ አለህ ወይ?” አልኩት። “ነበረኝ” አለኝ። “ተፈርዶብኝ አለቀ።”

ነገሩን ነገረኝ። የእሱና የታናሽ ወንድሙ አባት ሲሞት አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ተወላቸው። ቶሎሳ ታላቅ ነኝና ሁሉም የእኔ ነው አለ፤ ታናሹ ሁንዴ ግማሹ የእኔ ነው ብሎ ከሰሰው። ለዓመታት ሲከራከሩ፣ በአንድ ግቢ ሁለት በር አውጥተው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ፣ በቀብር እንኳ ጎን ለጎን ሳይቆሙ ኖሩ። በመጨረሻ መዝገቡ አንቺ ዘንድ ደረሰ። ሰማሽና በቶሎሳ ላይ ፈረድሽ፤ እኩል ይካፈሉ አልሽ። “ያን ቀን ረገምኳት፣ አዮ፣ አልዋሽዎትም” አለኝ። “ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ከሁንዴ ጋር የምጣላበት ነገር አጣሁ። ቀረ። አለቀ። ሰው እኮ የሚጣላበት ነገር ሲያጣ ምን ያደርጋል? በማግስቱ በአጥሩ ላይ ሰላም አልኩት።”

ሁንዴ ደግሞ ከጎን በር ወጥቶ ሲሰማ ኖሯል። “እኔ ነኝ ቀድሜ ሰላም ያልኩህ” አለው። “አንተ? አንተማ አስነጠሰህ፣ እኔ ይማርህ አልኩ” አለው ቶሎሳ። ሁንዴ ቀጠለ፦ “በሬውስ ቢሆን ግማሹ የእኔ ነው። ለምን ለእሳቸው የአንተ ብቻ አድርገህ ላክህ?” “የቱ ግማሽ ነው የአንተ?” “ከሻኛው ወደ ፊት።” “ሻኛው ራሱስ?” ተነሡ፣ ተፋጠጡ። እኔም በርጩማ ላይ ተቀምጬ “ቶሎሳ ይናገር። ሁንዴ፣ አታቋርጥ” ስል ራሴን ሰማሁት። በራሴ አፍ ደነገጥኩ። ለካ ከልጅም ይወረሳል።

ሁለቱንም ሰማሁ። ሁለቱም ወገን አዋጥተው የገዙት ነው፤ ከሳሽም ተከሳሽም። ከምስጋና በቀር የሚፈልጉት የለም። ልቤ፣ ውሰጂው፣ ውሰጂው አለኝ። ከዚህ የጸዳ በሬ ከየት ይገኛል? እኔ ግን እንዲህ አልኳቸው፦ “በሬአችሁ ንጹሕ ነው፤ ልባችሁም ንጹሕ ነው። ነገር ግን የጎረቤቴ በግም ምናልባት ንጹሕ ነበር። ልጄ የሰውን ልብ ከፍታ ማየት ስለማትችል ሁሉንም መለሰች። አሁን የእናንተን ብቀበል፣ ያ በግ የተመለሰው ትንሽ ስለነበረ ነው ይባላል።”

ሁንዴ ሳቀ። ቶሎሳ ግን ዓይኑ ቀላ። “እና ለነፍሷ ምንም ላናደርግ ነው? ባዶ እጃችንን እንምጣ?” አለኝ። “አዎ” አልኩት። “እጃችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ። ሥራ ሞልቷል።”

በማግስቱ አይሱዙው መጣ። በሬው ግን የሐጂን ጎመን ቀምሶ ሰበታን ለምዷል፤ መኪና አልወጣም አለ። ወንድማማቾቹ ከፊት ይጎትታሉ፤ ከኋላ ማን ይግፋ? ሊበሉት የነበሩት ሁሉ ተሰለፉ። ኦቦ ጉታ ከዘራቸውን ጥለው በትከሻቸው፣ እታገኝ በሁለት እጇ። “ሽንጤን ልሰናበት!” እያለች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ከሁሉ አብልጦ የገፋው ካሳ ነበር። ደረቱን አስጠግቶ፣ ደም ሥሩ ተገታትሮ። በሬው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ መጣና እጄን ሳመኝ። ሰሞኑን ያስፈጨሁት በርበሬ እንደ ሐር ልሞ መጣልኝ።

እሑድ ምስር ወጥ፣ ክክና ጎመን አቀረብኩ። ጎመኑ ከሐጂ ነው፤ በሬው ያስተረፈው። ሰው ይቀራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ድንኳኑ ግን ጢም ብሎ ሞላ። እታገኝ በእጇ ምስር እየጠቀለለች “ይቺ ዳኛ ሞታም ጾም አስያዘችን!” ስትል ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ንስሐ አባታችን እንኳ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። በአንቺ ሙት ዓመት ይህን ያህል ይሳቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አላፈርኩም።

ቶሎሳና ሁንዴ ከማለዳ ደርሰው ሽንኩርት ልጠዋል፣ ውኃ ቀድተዋል፣ ወንበር ደርድረዋል። እንግዳ ሲያስታጥቡ አንዱ ማንቆርቆሪያ፣ ሌላው ሳፋ ይዞ፣ ማን ያፍስስ ማን ይቀበል እያሉ በሹክሹክታ ይነታረኩ ነበር። ከተጂ ከተማ የመጡ አንዲት አሮጊት ዘመዳችን እጃቸውን እየታጠቡ ቶሎሳን አዩትና “አንተ ልጅ፣ አላወቅሁህም። ለትርንጎ ምኗ ነህ?” አሉት።

ቶሎሳ ማንቆርቆሪያውን ቀጥ አደረገ። የአክስቷ ልጅ ነኝ፣ አበልጇ ነኝ እንደሚል ሰው፣ ሥጋ ዝምድና እንደሚቆጥር ሰው፣ ደረቱን ነፍቶ “እኔ የፈረደችብኝ ነኝ” አላቸው።

አሮጊቷ ገብቷቸው እንደሆነ አላውቅም። “እሰይ፣ እሰይ፣ ዘመድ ይብዛ” አሉና እጃቸውን አራገፉ። እኔ ግን ምሶሶውን ይዤ ቆምኩ። ትርንጎዬ፣ በዓመቱ ውስጥ ስንት ሰው ስለ አንቺ ስንት ነገር ነገረኝ። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም።

እንግዲህ እጄ ደከመ። ቃሌን ልስጥሽና ላብቃ። ከአንቺ ጋር የኖርኩትን አልረሳም። ስታስቂኝም፣ በሰው ፊት ስታሳፍሪኝም፣ ያው አንድ ልጄ ነበርሽ። ስምሽን ማንም እንዳያቆሽሽብኝ አልኩ፤ ለካስ የተሸነፉት ራሳቸው ይጠብቁልሻል። እኔም በተራዬ፣ ዓይኔ እስኪከደን፣ ልጅሽ ምን ነበረች ሲሉኝ ሳልቸኩል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግራቸዋለሁ። ምስሩንም እየጨመርኩላቸው።

እናትሽ
በላይነሽ